አረንጓዴው ወረቀት በእማ ዘምዘም በር

ሙኒያ የሻዩን ትሪ ይዛ ሳሎን ስትገባ ሩባ ለእናቷ እያስረዳች ነበር። «ማንም አያስገድዳቸውም እኮ፤ ራሳቸው ወስደው በራቸው ላይ ይለጥፉታል። ስለሚያምር ቅዱስ ነገር ይመስላቸዋል። ሲነበብ ግን ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ትእዛዝ ነው። የሥራዬ ቁም ነገር ይሄው ነው» ትላለች፤ ፊቷ የተቀመጠው ፉል ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እናትየዋ መዳም ማናል ዳቦዋን እየቆረሰች «አዎ፣ አዎ» ትላለች። እንዳልገባት ያስታውቅባታል፤ ግን ልጅቷ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ሥራዋን ለመምህራን የምታቀርብበት ቀን ነውና ማን ደፍሮ አልገባኝም ይላታል? ወረቀቱ የአበባ ማስቀመጫውን ተደግፎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። አረንጓዴ ነው። ከግርጌው ወንዝ ይፈስሳል፣ ዳርና ዳሩን የተምር ዛፍ ይዞታል፣ መሐሉን ወርቃማ የዐረብኛ ፊደል እንደ ሰፌድ ስፌት እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሞልቶታል። ሙኒያ ገና ስታየው አወቀችው። ትናንት ማታ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ አክስቷ እማ ዘምዘም በር ላይ በዱቄት ሙጫ የለጠፈችው የዚህ መንትያ ነው።

«እስኪ አንብቢልኝ፤ እኔ ይሄን የተጠማዘዘ ነገር መፍታት አልችልም» አለች ማናል።

ሩባ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። «ዝናቡ የከዳው ወደ ዝናቡ ይመለስ። ወንዙ ለወንዙ ልጆች ነው። ይህ ቤት ይነሣል።»

ሙኒያ ዐረብኛ መስማቱ አይቸግራትም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ስትላላክ ኖራ እንዴት ይቸግራት። ችግሩ ማንበቡ ላይ ነው። ወሎ ሳለች የቀራችው ጥቂት ሱራ ነው፤ ፊደሉ ከላይም ከታችም ምልክቱ ተሟልቶለት ሲመጣ እየለቀመች ትሄዳለች፤ እንዲህ ተጠላልፎ ሲመጣ የቤቱ እመቤት እንኳ አቅቷት የለም እንዴ? እሷን ያስደነገጣት ግን «ይነሣል» የሚለው ብቻ አይደለም። «ዝናቡ የከዳው» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። የእማ ዘምዘም ቃል ነው። የዛሬ ወር አካባቢ ሩባ ወጥ ቤት ገብታ በርጩማ ስባ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ዘመዶችሽ ለምን ነበር ወደ ሱዳን የመጡት?» ስትላት፣ ሙኒያ ሽንኩርቷን እየከተፈች አክስቷ ሁልጊዜ የሚሉትን ነገረቻት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ሲከዳን ወንዝ ወዳለበት መጣን ይላሉ፣ አለቻት። ሩባም «ያ ሰላም፣ እንዴት ያለ ቃል ነው» ብላ ጻፈችው። ሙኒያ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። የአክስቷ ቃል ደብተር ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነዋ።

ሩባ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይሄን ሙኒያ ለጎረቤት ሁሉ ስትመሰክር ኖራለች። የምትማረው ሥዕልና የማስታወቂያ ንድፍ ነው። ሥራዋ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው ትላለች፤ ከሃምሳ ምናምን ዓመት በኋላ ምድር ሲግል፣ አባይ ሲቀጥን፣ አገር ለአገር የሚሰደደው ሲበዛ፣ ዛፉንና ወንዙን እንጠብቃለን በሚል ስም ሰውን እንደ አረም የሚነቅል መንግሥት ይመጣል፤ ሲመጣም አስፈሪ ሆኖ አይመጣም፣ አረንጓዴ ለብሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የዚያን መንግሥት ወረቀት ከአሁኑ ሠርታ ለሰው ማሳየት ፈለገች፤ ስሙን፣ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን ሳይቀር ፈጠረችለት። ይሄን ሁሉ ስታስረዳ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እውነቷን ነው የምታዝነው።

ወረቀቱ እንዴት ሐጅ ዩሱፍ ገባ ቢሉ፣ ይሄ የሙኒያ አመል ያመጣው ነው። ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው አመል ነው፤ ዐረብኛ የተጻፈበት ወረቀት መሬት ወድቆ ካየች አታልፈውም። አንስታ፣ ግንባሯን አስነክታ፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ማን ያውቃል፣ የአላህ ስም ይኖርበታል። ካፉሪ ቤት ከገባች በኋላ ደግሞ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ከረጢት ሰቅላ፣ የሻይ ማሸጊያውንም፣ የጋዜጣውንም፣ የሰርዲኑን ቆርቆሮ ልባስ እንኳ ሳይቀር እዚያ ታጠራቅማለች። ሲሞላ ወንዝ ወስዳ ትለቀዋለች። ማናል በዚህ ነገር ሁሌ ትስቅባታለች፤ «የሰርዲኑም ቁርኣን ሆነ?» ትላታለች። ትናንት ሩባ ቀለማቸው የተበላሸባትን ወረቀቶች ሰብስባ «ጣይልኝ» ስትላት፣ ሙኒያ ሌሎቹን ከረጢቱ ውስጥ አስገብታ አንዱ ግን አሳሳት። አረንጓዴው፣ ወርቁ፣ ፊደሉ። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀለም ከመፍሰሱ በቀር ምንም አልሆነም። ጠቅልላ በምትከናነበው ቶብ ሥር ይዛው ወጣች። ለእማ ዘምዘም የነገው ቀን መልካም ቀን እንዲሆንላቸው ፈለገች።

የነገው የተባለው ቀን ይሄው ዛሬ ነው። እማ ዘምዘም የሚኖሩበት ሰፈር የጭቃ ቤቱ ሁሉ ሊፈርስና መንገድ ሊወጣበት ነው፤ ከተወራ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የመንግሥት ጸሐፊ መዝገብ ይዞ በየበሩ ይዞራል። ወረቀት ያለው በሩ ላይ ቁጥር ይቀባለታል፣ ቁጥር የተቀባለት ሌላ ቦታ ላይ ምትክ መሬት ይሰጠዋል። ቁጥር የሌለው ቤቱ ሲፈርስ ሜዳ ላይ ይቀራል። መዝገቡ ዛሬውኑ ይዘጋል ተብሏል። እማ ዘምዘም ወረቀት አላቸው፤ ጡብ ጋጋሪው ባላቸው ሳሊህ ሳይሞት በስሙ ያወጣው፣ አራት ቦታ ታጥፎ በላስቲክ የተጠቀለለ። ሃያ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። ሌላ ምንም የላቸውም፤ ልጅ አልወለዱም፣ ያለቻቸው የወንድማቸው ልጅ ሙኒያ ናት። እና ትናንት ማታ ወረቀቱን በሩ ላይ ሲለጥፉ እማ ዘምዘም ሙጫውን በመዳፋቸው እየለቀለቁ፣ «የተከበሩ ሰዎች ሲመጡ የተከበረ ነገር ይዩ» ብለው ነበር።

ሙኒያ ትሪውን አስቀምጣ «መዳም፣ ቤት መሄድ አለብኝ። አሁኑኑ» አለች።

ማናል ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም። ማታ ለሩባ ምርቃት እንግዳ እንደሚመጣ፣ በጉ እንዳልተበለተ፣ መጋረጃው እንዳልተተኮሰ ቆጠረችላት። ሙኒያ ሌላ ቀን ቢሆን ዝም ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ትመለስ ነበር። ዛሬ ቆመች። ከረጢቱን፣ ወረቀቱን፣ ሙጫውን፣ ጸሐፊውን፣ አንድ በአንድ ተናገረችው። ከዚያ ሩባ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሣች። «በር ላይ ለጠፋችሁት?» አለች። «ማንም ሳይነግራችሁ? እውነተኛ በር ላይ?» ፊቷ ላይ ድንጋጤም አለ፣ ሌላም ነገር አለ፤ ሙኒያ ያን ሌላውን ነገር ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ደስታ ነበር።

«ቆይ፣ እኔ አደርስሻለሁ። በመኪና ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ካሜራዬን ልያዝ» አለች ሩባ፣ ወደ ክፍሏ እየሮጠች።

ሙኒያ ያኔውኑ በእግሯ ብትወጣ ኖሮ ትደርስ ነበር። ይሄን በኋላ ደጋግማ አስባዋለች። ከዋናው መንገድ ሓፍላ አውቶቡሱን ይዛ፣ ከገበያው ባለሦስት እግሯን ረክሻ ተሳፍራ፣ በአርባ ደቂቃ እማ ዘምዘም ደጅ ትደርስ ነበር። ግን ልጅቷ አደርስሻለሁ ካለች፣ መኪናው በር ላይ ከቆመ፣ ምን ብላ ትሄዳለች? ጠበቀች። የካሜራው ባትሪ አልቆ ኖሮ ቻርጅ እስኪያደርግ ተጠበቀ። ሩባ ገላዋን ታጠበች። ማናልም ቆማ የምትጠብቅ ሠራተኛ ማየት አይሆንላትምና «እስከዚያው መጋረጃውን ተኩሺልኝ» አለቻት። ሙኒያ ተኮሰች። ስድስት መጋረጃ ነው፤ የመጨረሻውን አጥፋ ስታስቀምጥ ሰዓቱ ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል። መስኮቱን አልፎ የሚታየው የካፉሪ መንገድ ባዶ ነው፤ አትክልተኛው የግቢውን ሣር ውኃ ያጠጣል፣ ውኃው ሞልቶ ከአጥሩ ሥር ወደ አስፋልቱ ይወርዳል።

መኪናው ውስጥ ሩባ ብዙ አወራች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህራኖቿ ፊት ስትቆም ይሄን ስትነግራቸው ምን እንደሚሉ እያሰበች መሪውን ትመታለች። «ሁሉም ምናብ ነው ሲሉኝ ነበር። ማን እንዲህ ያደርጋል ሲሉኝ ነበር» አለች። ሙኒያ መንገዱን ነው የምታየው። አስፋልቱ አልቆ አቧራው ጀመረ፣ ረክሻ በግራ በቀኝ ይሹለከለካል፣ የውኃ በርሚል የሚጎትት አህያ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሩባ እዚህ ሰፈር መጥታ አታውቅም። መስኮቷን ዘጋች።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሙኒያ በሮቹን አየች። በቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ። የጎረቤታቸው የበሽር በር ስልሳ አንድ ነው፤ ቀለሙ ገና እየተንጠባጠበ ነው። ቀጥሎ የእማ ዘምዘም ቆርቆሮ በር አለ፣ አረንጓዴው ወረቀት ዘርጋ ብሎ፣ ወርቁ በፀሐይ እያብረቀረቀ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤት ስልሳ ሁለት ይላል። እማ ዘምዘም በራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ላስቲኳ ከነወረቀቷ ጉልበታቸው ላይ ናት። ከላስቲኳ አልወጣችም። ሙኒያን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ሙንዬ፣ አየሽው አይደል? አለፉን!» አሉ። «መጡ፤ ወረቀቱን አዩት፤ አንዱ አነበበው፤ ኸላስ፣ ይሄ ያለቀ ነው አለ፤ ሰላም ብለውኝ አለፉ። ቀለም እንኳ አላስነኩንም። ወረቀት ይታያል እንጂ ቀለም ይቀባል ያለኝ የለም፤ ያንን ቀለም አውቀዋለሁ እኮ፤ የዛሬ ሰባት ዓመት የጎረቤታችንን የእነ ሃዋን ቤት ያፈረሱ ጊዜ በዚሁ ቀለም ነበር ምልክት ያደረጉት። እኛን አላህ ሸሸገን።»

ሙኒያ እንዴት ብላ ትንገራቸው? እማ ዘምዘም ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ነው፤ እንዲህ ሲስቁ ካየቻቸው ስንት ጊዜዋ ነው። ሩባ በዚህ መሐል ከመኪናው ወርዳ ካሜራዋን ከፍታለች። አሮጊቷን በዐረብኛ በትሕትና ሰላም አለቻቸው፣ እጃቸውን ያዘች። እማ ዘምዘም ሙኒያ የምትሠራበት ቤት ልጅ መሆኗን ሲያውቁ ግራ ተጋብተው ተነሡ፤ ያላቸውን በርጩማ በቶባቸው ጫፍ አብሰው አቀረቡላት። ፎቶ ልታነሳቸው መሆኑ ሲገባቸው ደግሞ «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ገቡና የዒድ ቶባቸውን ለብሰው ወጡ። ሩባ ከወረቀቱ አጠገብ አቆመቻቸው። አገጫቸውን ትንሽ ቀና እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ሲቆሙ፣ ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«ሩባ፣ መጀመሪያ ጸሐፊው ጋ» አለች ሙኒያ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ። ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ሙኒያ ሁለቱን ደቂቃ ታገሠች። ከዚያ አልቻለችም፤ የእመቤቷን ልጅ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። በዐሥራ አንድ ዓመት የቤቱን ሰው አንድም ቀን እንዲህ ነክታ አታውቅም። ሩባም ደንግጣ ተከተለቻት።

ጸሐፊው አብዱልወሃብ መንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሻይ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ያናፍሳል። ፀሐይ ሲቀጠቅጠው የዋለ፣ የደከመው፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ሩባ አስረዳችው፤ የትምህርት ሥራዬ ነው፣ ምናብ ነው፣ እንዲህ ያለ ቢሮ የለም፣ አለችው። እሱ መዝገቡን ገለጠና ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። ስልሳ አንድ አለ፣ ስልሳ ሁለት አለ። በሁለቱ መሐል ቁጥር የሌለው መስመር ላይ «ትእዛዝ ያለበት፤ አይመዘገብም» ብሎ ጽፏል። በሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ቅጂ አሁን በተነሣው መኪና ወደ የበላዩ ቢሮ ሄዷል።

«ማኅተም አለው፣ ቁጥርም አለው። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሁለት» አለ።

«ዓመቱ ነው እኮ! በሂጅራ። ዘንድሮ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ስድስት አይደል? ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ ማለቴ ነው።»

አብዱልወሃብ ሻዩን ፉት አለ። «እኔ የፋይል ቁጥር መስሎኝ ነው። የቢሮውን ስምም አላውቀውም። ግን ልጄ፣ በየወሩ አዲስ ቢሮ ይከፈታል። የማውቀውን ቢሮ አልፈራም፣ የማላውቀውን ነው የምፈራው። እንዲህ አምሮ የታተመ ወረቀት ደግሞ ተራ ሰው ያመጣዋል ብዬ በምን ልጠርጥር?» ካለ በኋላ ሩባን አትኩሮ አያት። «ማኅተሙን አንቺ ነሽ የሠራሽው? የመንግሥት ማኅተም?»

ሩባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «የመንግሥት አይደለም። የሌለ መንግሥት ነው» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ዘወር ብሎ ሙኒያን አያት፤ ሻይ የምትሸጠው ሴት እንዳትሰማ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሮጊቷ ወረቀት እንዳላቸው አይቻለሁ። ሳሊህንም አውቀው ነበር። እኔ የጻፍኩትን በቃል መሰረዝ አልችልም፤ ነገ ስጠየቅ የማሳየው ያስፈልገኛል። ያ ትእዛዝ ተነሥቷል የሚል ወረቀት አምጪልኝ። ያው ስም፣ ያው ማኅተም ይኑርበት። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት እዚህ ነኝ። ከመጣ እጽፈዋለሁ። ከየት መጣ ብዬ አልጠይቅም።»

ሙኒያ ይሄን ስትሰማ ተስፋዋ ተመለሰ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እንደዚህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ወደ መኪናው እየተጣደፈች ሩባን ቀደመቻት። «አሁኑኑ እንመለስ፤ ማተሚያ ማሽኑ ቤት ነው፤ ቶሎ ታወጪዋለሽ። አረንጓዴ ይሁን፣ ያው ማኅተም ይሁን። ይህ ቤት አይነሣም በይው። አንድ መስመር ብቻ። በሌላው ወረቀት ይህን ሁሉ ስትጽፊ ስንት ሌሊት አልተኛሽም፣ እኔው አይደለሁ ሻይ ሳመላልስልሽ የነበርኩት?»

ሩባ የመኪናውን በር ከፈተች፤ ግን አልገባችም። ቁልፉን በጣቷ ታሽከረክራለች። «አልችልም፣ ሙኒያ» አለች።

«እንዴት አትችይም? አንቺው አይደለሽ የሠራሽው?»

«ያኛው የሥዕል ሥራ ነው። ይሄኛው ወረቀት መፈብረክ ነው፤ ለመንግሥት ጸሐፊ የሚሰጥ። ሰምተሽው የለም፣ ስለ ማኅተሙ እንዴት እንደጠየቀኝ? ቢያዝ አባቴ ይገድለኛል። ያስሩኛል እኮ።» ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞላ። «ማታ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ ሰው ያውቃል፣ አንድ ነገር ያደርጋል ኢንሻአላህ።»

«መዝገቡ ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

ሩባ ሰዓቷን አየች፤ መምህራኑ የሚጠብቋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከቦርሳዋ ብር አውጥታ ሙኒያ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ ስንት እንደሆነ ሁለቱም አላዩትም። «እመኚኝ፣ ለእናንተ ብዬ ነው የሠራሁት» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስባችሁ።» እውነቷን ነበር። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ፤ የውኃ በርሚል የሚጎትተው አህያ አሁንም እዚያው ቆሟል።

ሙኒያ ወደ ኒሙ ዛፍ ተመለሰች። ጸሐፊው እጇን አየ፤ የተባለው ወረቀት የለበትም። ለመነችው። የማልቀስ ዓመል አልነበራትም፣ ግን አለቀሰች፤ ሻይ የምትሸጠውም ሴት አብራ ለመነችላት። «ማዕለሽ፣ እህቴ፣ ይቅር በይኝ» ከማለት ሌላ ምን ይበል? አልተቆጣም፣ አላባረራትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰዓቱን ጠበቁት፤ እሷ ምን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ፣ ምናልባት ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራ ትመለስ ይሆናል ብላ፣ መኪና በሰማች ቁጥር ቀና እያለች። የአስር አዛን ሲባል አብዱልወሃብ ጫማውን አደረገ፣ መዝገቡን በጨርቅ ጠቀለለው፣ የሻይዋን ከፈለና ሄደ።

እማ ዘምዘም የዒድ ቶባቸውን ሳያወልቁ ሰግደው፣ በራቸው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ልጅቷ ፎቶውን ታመጣልናለች አይደል? ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን» አሏት። ሙኒያ ከአህያ ጋሪው አንድ ጀሪካን ውኃ ገዛች፤ ሩባ ከሰጠቻት ላይ ነበር የከፈለችው። ጨርቅ ነክራ በሩን ማራስ ጀመረች። የዱቄት ሙጫ ደርቆ ሲይዝ አያድርስ ነው፤ አረንጓዴው እየተልፈሰፈሰ፣ ወርቁ እየቀለጠ በክንዷ ይወርዳል። የተምሩ ዛፍ ተገሸለጠ፣ ወንዙም ተከተለ። እማ ዘምዘም ተነሥተው ክንዷን ያዙት።

«ምን ነክቶሽ ነው? የአላህን ቃል?»

ሙኒያ ዞር አላለችም። ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች ነገረቻቸው። ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ ቀዩ ቀለም ዘንድሮ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንዳለፏቸው፣ ማን ወረቀቱን እንደሠራው፣ ማን እንዳመጣው። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት። እኔ ነኝ ቃሉንም የነገርኳት።» ለመቆጣት እንኳ ምክንያት ይሁናቸው ብላ ነው እንዲህ የዘረዘረችው። እማ ዘምዘም ግን አልተቆጡም። ግራቸውን አዩ፣ ስልሳ አንድ። ቀኛቸውን አዩ፣ ስልሳ ሁለት። ላስቲኳን ከጉያቸው አውጥተው የሳሊህን ወረቀት ዘረጉት፣ መልሰው አጣጠፉት። የበሽር ልጆች ከአጥሩ ማዶ ቁጥራቸውን እየጠሩ ይጫወታሉ።

«ዝናቡ የከዳው» አሉ እማ ዘምዘም በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ይሄ የኔ ቃል አይደል?»

«የእርስዎ ነው።»

«ወንዝ ወዳለበት መጣን የሚለውስ? እሱንስ ጻፈችው?»

«አልጻፈችውም።»

እማ ዘምዘም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ጭቃው ላይ የወዳደቀውን ርጥብ ወረቀት፣ ፊደል ያለበትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ የዒድ ቶባቸው ጫፍ ላይ ያጠራቅሙት ጀመር። ሙኒያ «ይተዉት፣ እማ፤ ምን እንዳለ ነገርኩዎ እኮ» አለች። እሳቸው አልተዉትም። «ፊደሉ ምን አጠፋ?» አሉ። ሙኒያም ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ጨርቁን ጥላ አጠገባቸው ተንበረከከች። ሁለቱም እግራቸው እንዳይረግጠው እየተጠነቀቁ ለቀሙ፣ አንዲት ቁራጭ ሳያስቀሩ። ነገ ሙኒያ ወደ ሥራ ስትሄድ ወንዙ ላይ ትለቀዋለች። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የጎረቤቶቹ ቀለም ደረቀ፤ ስልሳ አንድ በግራ፣ ስልሳ ሁለት በቀኝ፣ መሐላቸው ያለው በር ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ቀረ።